ካርዱ ዊስኪ እንዳያውቅ

ጋሽ ንዋይን ያገኘኋቸው ጎማ ቤት ውስጥ ነው፤ በፈረንጆቹ 2009 መገባደጃ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት። የኋላ ጎማዬን ምስማር ወግቶት፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ከአውራ ጎዳናው ዳር ካለች ትንሽ ጎማ ቤት ገብቼ ተራ እጠብቃለሁ። የመጠበቂያዋ ክፍል አምስት የፕላስቲክ ወንበርና ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ብቻ ነው ያላት። ፊት ለፊቴ ስድሳን የተሻገሩ አንድ ሰው ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው እስከ መጨረሻው ቁልፍ ተቆልፏል፣ ጫማቸው ጎማ ቤት ለመምጣት ሳይሆን ሚዜ ለመሆን የተወለወለ ይመስላል። ሐበሻ መሆናቸውን ገና ስገባ አውቄያለሁ። ዓይኔን የያዘው ግን በእጃቸው ያለው ኩባያ ነው።

የልጅ ኩባያ ነው። ትልቅ፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ የሚስቅ ዶልፊን የተሳለበት። እሳቸው ሻይ ሞልተውበት፣ ቀስ እያሉ፣ በክብር ይጠጡበታል።

እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። "ይቅርታ፣ የልጅ ልጅዎ ኩባያ ነው?" አልኳቸው።

አዩኝ። ኩባያውንም አዩት። "የራሴ ነው" አሉ፣ ሹመቱን እንደሚናገር ሰው። "መርከብ ላይ ነው ያገኘሁት። ለመሆኑ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

ነገርኳቸው። አባቴን አያውቋቸውም፤ የአክስቴን ሰርግ ግን አስታወሱ። "አርሊንግተን! የአዳራሹ ኤሲ የተበላሸ ዕለት! ሁለት መቶ ሠላሳ ሰው ነበር የተጠራው፤ እኔ ለሦስት መቶ ነበር ያዘዝኩት። ሙቀት ሁለት ሰው ያክላል፣ ልጄ። ያን ቀን ባልኖር ኖሮ ሙሽራው ራሱ በረዶ ፍለጋ ይወጣ ነበር።"

"እንዴ! ጋሽ ንዋይ ነዎት? የመጠጡ?"

"የመጠጡ" አሉና ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አደረጉ።

ዳላስና ፎርት ዎርዝ መሃል ለሚኖር ሐበሻ ይህን ስም ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ሰርግ ያለበት ቤት መጀመሪያ አዳራሽ ይይዛል፣ ቀጥሎ ጋሽ ንዋይን ኮል ያደርጋል። መንገዱን ስትሻገሪ ቢራ የሚሸጥበት፣ ተመልሰሽ ስትሻገሪ የማይሸጥበት አገር ስለሆነ፣ የቱ ሱቅ ከየቱ መንገድ ወዲህ እንደሆነ ማወቅ ራሱ ሙያ ነው። የእሳቸው ሙያ ግን ከዚያ ያለፈ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ በእሳቸው ድግስ ላይ ብርጭቆው የደረቀበት እንግዳ የለም ይባላል። ይህን ስነግራቸው "ይባላል አይደለም፤ የለም" ብለው አረሙኝ።

የድሬዳዋ ልጅ ናቸው። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው አንድ ሆቴል ብርጭቆ አጣቢ ሆነው ገቡ፣ ከዚያ ባንኮኒው ኋላ ቆመው ሠላሳ ምናምን ዓመት ቀዱ። ዲቪ ደርሷቸው በ1998 መጡ። መኖሪያቸው ግራንድ ፕሬሪ ነው። የሚሠሩት ደግሞ አየር ማረፊያው አጠገብ ካለ የአውሮፕላን ምግብ ማዘጋጃ ውስጥ ነው፤ የመጠጥ ጋሪዎቹን እየሞሉ ይልካሉ።

"አውሮፕላንም እንደ ሰው ነው" አሉኝ። "ላስ ቬጋስ የሚሄደው ሲሄድ ሁሉንም ጨርሶ ይወርዳል። ከላስ ቬጋስ የሚመለሰው ውሃና አስፒሪን ነው የሚጠይቀው። ጋሪውን አይቼ ከየት እንደመጣ እነግርሻለሁ።"

"ሰርግስ? ለሰርግ እንዴት ነው የሚገምቱት?"

"ሰው ስንት ይጠጣል ብለሽ ከጠየቅሽ ተሳሳትሽ። ከማን አጠገብ ነው የሚቀመጠው ብለሽ ነው የምትጠይቂው። ዊስኪ የሚወድ ሰው ጴንጤ አማቱ አጠገብ ተቀመጠ እንበል። ስፕራይት ነው የሚያዘው፤ 'ሆዴን አሞኝ' ይላል። ሶ፣ አልጠጣም ማለት ነው? አይደለም። በየሃያ ደቂቃው 'መኪናዬን ልይ' እያለ ፓርኪንግ ሎት ይወጣል። እኔ ለፓርኪንግ ሎቱም እቆጥራለሁ።"

ሳቄ የጎማ ሠራተኛውን ከውጭ ጠራው፤ ብቅ ብሎ አይቶን ተመለሰ።

"ከሁሉም የሚበልጠው ግን አለመናገር ነው" ብለው ቀጠሉ። "አባቶቻችን ያውቁበታል። ጠጅ ለሚጠጣው ጠጅ፣ ለማይጠጣው ብርዝ ያቀርባሉ። ብርዝ ያው ሳይፈላ የሚጠጣ የማር ውሃ ነው። ቀለማቸው አንድ፣ ብርሌው አንድ። እስላሙም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ መድኃኒት የጀመረውም እኩል ብርሌ ይዞ እኩል ይጫወታል። ማን ምን እንደያዘ የሚያውቀው ቀጂው ብቻ ነው። ቀጂ የሰው ምስጢር ያዥ ነው፣ ልጄ።"

"እሺ፣ ኩባያውስ?" አልኩ፤ ዶልፊኑ አሁንም ይስቅብኛል።

"ከፊትሽ ስንት መኪና አለ?"

"ሦስት።"

"ይበቃናል" አሉና ሻዩን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። "ይህን የምነግርሽ ባለቤቱ ራሱ በአደባባይ ስለተናገረው ነው። ባይናገረው ኖሮ ጎማሽ ተጠግኖ ቤትሽ ትገቢ ነበር እንጂ ከኔ አንድ ቃል አትሰሚም ነበር።"

ታፈሰ ሙሉጌታ የሚባል የልብ ወዳጅ አላቸው። አየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ በየሰርጉ ጽዋ የሚያነሳው እሱ ነበር፣ መጀመሪያ የሚነሳውም መጨረሻ የሚቀመጠውም እሱ። ሚስቱ የሺሐረግ ትባላለች። አንዲት ልጃቸው ማራኪ በአራት ዓመቷ መጥታ እዚሁ ያደገች፣ ፕሌኖ ከተማ ባንክ ውስጥ የምትሠራ ናት። በ2008 የፋሲካ ማግስት ማራኪ ክብረት የሚባል ልጅ አገባች። ሰርጉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተክሊል ነበር። ተክሊል ለሁሉም አይደፋም፤ ሁለቱም በንጽሕና ለቆዩት ነው። የሺሐረግ የዚያን ቀን እንባዋ አልቆመም ነበር።

ከሰርጉ በፊት ግን ማራኪ አንድ ነገር ጠይቃ ነበር። "አባዬ፣ ማለቴ፣ መልሱን አዳራሽ ውስጥ አናድርገው። ክሩዝ ላይ እናድርገው።"

"መልስ የሴቷ ወገን ድግስ ነው" አሉኝ ጋሽ ንዋይ፣ እኔ እንደማላውቅ። "አባትየው ነው አስተናጋጁ። ታፈሰ ጠራኝና 'ንዋይ፣ መልስ መርከብ ላይ አለች' አለኝ። 'በጉ የት ሊታረድ ነው?' አልኩት። 'በጉን ተወው፤ መጠጡን ያዝልኝ' አለኝ። ሁለቱንም ወገን ጨምሮ አርባ ሰው፤ ከጋልቨስተን ተነስቶ ሜክሲኮ ደርሶ መመለስ፤ አምስት ቀን። ወደቡን ለቀን ስንወጣ ሁሉም ነገር በመርከቡ ሕግ ነው።"

የመርከቡን ሕግ ለማጥናት ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። እንደነገሩኝ ሦስት ዓይነት ምርጫ ነበር። አንደኛው የለስላሳ ነው፤ ኩባያ ይሰጥሻል፣ አምስቱን ቀን ኮካሽን፣ ስፕራይትሽን፣ ጂንጀር ኤልሽን ስታስሞዪ ትውያለሽ። ሁለተኛው የወይን ጠጅ ነው፤ ጠርሙሶቹን አስቀድመሽ ትገዢያለሽ፣ ያልጨረስሽውን አስተናጋጁ አንገቱ ላይ የክፍል ቁጥርሽን ጽፎ ለነገ ያስቀምጥልሻል። ሦስተኛውን መርከቡ ያን ዓመት ለሙከራ ነበር ያወጣው፤ ቢራም፣ ዊስኪም፣ ባለጃንጥላውም ኮክቴል፣ የፈለግሽውን እስክትጠግቢ። ይህን የወሰደ ሰው የክፍል ካርዱ ላይ ወርቃማ ኮከብ ይለጠፍለታል። ካርዷ የበሩም ቁልፍ ናት፣ መታወቂያም ናት፣ ቀጂም ናት።

"ጥሩ አይደለም እንዴ ታዲያ?" አልኩ።

"ጥሩ ነው፤ ግን መጋባበዝ ክልክል ነው! በኮከብሽ የወሰድሽውን ለጎረቤትሽ ማቀበል አትችዪም። እያንዳንዱ ለራሱ። እስቲ አስቢው፣ ሐበሻ ጎኑ ያለውን ሰው 'በሞቴ' ሳይል ብርጭቆ ያነሳል? ደግሞ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ለስላሳ የያዘ ሁሉ ይቺን ይዞ ነው የሚዞረው" አሉና ዶልፊኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። "ብርዝና ጠጁን ለያይተው ለሕዝብ አሳዩት ማለት ነው።"

ይህ ለሌላው ምንም አይደለም። ለታፈሰ ግን ከባድ ነበር። ታፈሰ መጠጥ ካቆመ ሰባት ወሩ ነበር፤ ይህንን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ የሺሐረግና ጋሽ ንዋይ።

"ጠዋት ጠዋት እጁ መሪው ላይ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን አንዲት መንገደኛ አይታው 'ውረድና ልንዳልህ?' ብላው ሳቀች። ቀልዷን ነበር። እሱ ግን ዋጠው። የዚያን ሳምንት አንድ ክርስትና ላይ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና 'ንዋይ፣ በዊስኪ ብርጭቆ ሌላ ነገር ስጠኝ' አለኝ። ለምን አላልኩትም። አፕል ጁስ በበረዶ ቀዳሁለት። ሰባት ወር ሙሉ እንደዚያ ቀዳሁለት፤ እሱም ጽዋውን እያነሳ አስቆ አስጨፈረ። ለምን ደበቀ ትይኛለሽ? 'አቁሜያለሁ' ካለ 'በሞቴ አንድ ብቻ' የሚለው ሰው ነው የሚገድለው። ብርጭቆው ከበሞቴ ይሸፍነዋል።"

ሊሳፈሩ አንድ ወር ሲቀራቸው ታፈሰ ግራንድ ፕሬሪ ድረስ መጣ። መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ እንዲህ አላቸው፦ "ንዋይ፣ እስከ ማታ ድረስ አፌን አምነዋለሁ። ከዚያ በኋላ አላምነውም። ወደ ባንኮኒው ሄጄ ዊስኪ ብል እንኳ የማይሰጠኝ ካርድ ይሁንልኝ። ካርዴ ዊስኪ እንዳያውቅ አድርግልኝ።"

"በኔ ጣለው" አሉት። ዕቅዳቸውም ቀላል ነበር። ለታፈሰ የለስላሳውን ይይዙለታል፤ ኩባያውን የሺሐረግ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፤ ማዕድ ላይ ጋሽ ንዋይ ራሳቸው ወደ ዊስኪ ብርጭቆ ይገለብጡለታል። የአርባውን ሰው ምርጫ ዝርዝር ጻፉ። ለሙስሊሟ እንግዳ ለነጃት ለስላሳ፣ አብረው ለሚጓዙት ቄስ ቀይ ወይን፣ ለሙሽሮቹ ወርቃማው ኮከብ። ዝርዝሩን ለጉዞ ወኪሉ ፋክስ አደረጉ።

ጋልቨስተን ተርሚናሉ ላይ ካርዶቹ ሲታደሉ ጋሽ ንዋይ ዘና ብለው ተቀምጠው ሰው ያያሉ፤ ድግሱ እንደተሳካ ሁሉ። መጀመሪያ የሙሽራዋ ስም ተጠራ። ካርድ ተሰጣት። ኮከብ የለውም። ከካርዱ ጋር ሰማያዊ ኩባያ፣ የሚስቅ ዶልፊን።

"ከወንበሬ ብድግ አልኩ" አሉኝ። "ቀጥሎ ታፈሰ መጣ። ካርዱን እጁ ውስጥ እንደያዘ አሳየኝ። ወርቃማ ኮከብ! እየሳቀ ነበር፤ ግን እንደዚያ ያለ ሳቅ አይቼ አላውቅም። 'ንዋይ፣ ካርዱ ያውቃል እኮ' አለኝ።"

ሮጠው ወደ ጽሕፈት መስኮቱ ሄዱ። ሠራተኛዋ ትሑት ልጅ ነበረች፤ ዝርዝሩን አውጥታ አሳየቻቸው። የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነው። ለሰላሳ ዘጠኙ ሰው ስም ከነአባት ጽፈዋል። ለአንዱ ብቻ፣ "ታፈሰ" ብለው ጽፈው "ለስላሳ" ብለዋል፤ አርባ ዓመት የሚያውቁትን ሰው የአባቱን ስም ምን ብለው ይጻፉት! ፈረንጅ ደግሞ ሰውን የሚፈልገው በመጨረሻ ስሙ ነው። መዝገቡ ላይ የመጨረሻ ስማቸው ታፈሰ የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ማራኪ ታፈሰ ናት። ለስላሳው ለልጅቷ ሄደ። የልጅቷን ኮከብ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ሳይነካ ለቀረው ለአቶ ሙሉጌታ፣ ማለትም ለታፈሰ ለራሱ፣ ሰጡት።

"ቀይሪልኝ አልኳት። ለሙሽራዋ ሌላ መግዛት ይቻላል አለችኝ፤ ከአቶ ሙሉጌታ ላይ መንቀል ግን አይቻልም። አንዴ የተለጠፈ ኮከብ እስከ መጨረሻው ቀን ኮከብ ነው። እኔ ንዋይ! በሕይወቴ ሙሉ አንድ ሰው ብቻ መጠጥ እንዳትሰጠኝ ብሎ ለመነኝ፤ ለእሱ ዕቃ ቤቱን ከፍቼ ቁልፉን አስጨበጥኩት።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። ጥፋታቸውንም እንደ ሙያቸው በሙሉ ልብ ነው የሚናገሩት።

ለማራኪ ሌላ ለመግዛት ሲሉ እሷ ራሷ ከለከለቻቸው። "ጋሽ ንዋይ፣ ኢትስ ኦኬ! ኩባያው ኪውት ነው።" መርከቡ ተነሳ። ተነስቶም ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ሙሽራዋን ባሕሩ አዞራት። አልጋዋ ላይ ሆና ጂንጀር ኤል በኩባያዋ ትጎነጫለች፤ ትነሳለች፣ ታስመልሳለች፣ ትተኛለች።

በዚያው ቀን የአደጋ ጊዜ ልምምድ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ብርቱካንማ ጃኬት አንገቱ ላይ አጥልቆ መርከቡ ጠርዝ ላይ ይሰለፋል። ሐበሻው በአንድ ረድፍ ቆሟል። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ዓለምሸት ከረድፉ ጫፍ ላይ ነበሩ።

"አየሽ ወሬ እንዴት እንደሚሄድ" አሉ ጋሽ ንዋይ። "ወይዘሮ ዓለምሸት ክፉ ሴት አይደሉም፣ ታፈሰ ይሙት አይደሉም። ደስ ብሏቸው ነው። አጠገባቸው ላለችው 'ሙሽራችን መጠጥ አትቀምስም አሉ፤ ታስመልሳለች አሉ' ብለው ፈገግ አሉ። ነገሩ ከጃኬት ወደ ጃኬት እየተላለፈ እኔ ጋ ሲደርስ ልጁ ወንድ ሆኗል።"

በማግስቱ ሴቶቹ በጣታቸው ወር እየቆጠሩ ነበር። የሺሐረግ ሰማች። ሰርጉ ከተደረገ ገና ሳምንቱ ነው፤ ልጅቷ ተክሊል ደፍታለች። አፉን አውጥቶ ያማት ሰው የለም፤ ማንም ፊት ለፊት ስላላላት ደግሞ መልስ የምትሰጠው ሰው አጣች። ለልጅቷም አልነገረቻትም፤ ታማ የተኛችን ልጅ ምን ብላ ትንገራት። ለባሏ ብቻ ነገረችው።

ጋሽ ንዋይን ያስጨነቃቸው ይሄ ነው። የሺሐረግ መጀመሪያውኑ የባሏ ካርድ ላይ፣ ኮከቡ ላይ፣ የቁስል ፕላስተር ለጥፋበት ነበር። ካርዱን ነጥቀው እንዳይዙት የበሩ ቁልፍ ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ሕፃን አይደለም። "በመጀመሪያው ቀን እራት ላይ አየሁት፤ ፕላስተሩ ልክ እንደ ነበረ ነው። ሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ አንዱ ጥግ ተነስቷል። በጥፍሩ ነካክቶታል። አየኝ ሳየው። ከሚስቱ የሰማውን ወሬ እየዋጠ፣ በየአሥር እርምጃው ባንኮኒ ባለበት ቤት ውስጥ፣ ያ ኮከብ ኪሱ ውስጥ ሆኖ!"

"ለምን አብረውት አልዋሉም?" አልኩ።

"ዋልኩ እንጂ! ዶሚኖ ተጫወትን፣ በመርከቡ ዙሪያ ሄድን፤ አራት ጊዜ ዞርነው። በመጨረሻ 'ንዋይ፣ እንደ እስረኛ አትጠብቀኝ' አለኝ። ልክ ነው። ቀጂ ነኝ እንጂ ዘበኛ አይደለሁም። ተውኩት።"

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ መልሱ ሆነ። ባሕሩ ጋብ ብሎ ማራኪም ተነስታ ነበር፤ ኩባያዋን ይዛ፣ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። አርባው ሰው አንድ ላይ፣ በአራት ክብ ጠረጴዛ ላይ። ጋሽ ንዋይ ገና ሲቀመጡ ዓይናቸው ታፈሰ ፊት ያለው ብርጭቆ ላይ አረፈ። እሳቸው አልቀዱለትም።

"አፕል ጁስ በበረዶ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ ሰባት ወር ሙሉ እኔ ነኝ የቀዳሁት። ያ ግን አልነበረም። ሽታውም ደርሶኛል። ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ፕላስተሩ የለም። ብርጭቆው አልተነካም፣ እስከ አፉ ሙሉ ነው። እጁ ግን አጠገቡ ነው። የሺሐረግም አይታዋለች። እኔ ምን ላድርግ? ተነስቼ ልንጠቀው? በልጁ መልስ፣ በአማቾቹ ፊት?"

ያኔ ወይዘሮ ዓለምሸት ለምርቃት ተነሱ። በደንብ መረቁ። ውለዱ ክበዱ አሉ። "በዓመቱ ልጅ ታቅፋችሁ ለማየት ያብቃን" ካሉ በኋላ ግን ዓይናቸው ኩባያው ላይ ወደቀና ሳቅ አሉ፦ "ኧረ ዓመትም የሚሞላ አይመስለኝ!"

ጠረጴዛው ሳቀ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ጉሮሮውን ጠረገ። ማራኪ ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየች። "ዋት? ምንድን ነው? ምን አሉ?" ክብረት ጆሮው ቀላ። የሺሐረግ ናፕኪኗን አጥፋ አጥፋ የጥፍር ያህል አደረሰችው።

ታፈሰ ተነሳ። በየሰርጉ እንደሚነሳው፣ ብርጭቆውን ይዞ ነው የተነሳው። ሰው ጽዋ ሊያነሳ ነው ብሎ ዞሮ አየው።

ጋሽ ንዋይ ወደኔ ቀረብ አሉ። የጎማ ማሽኑ ከውጭ ይጮሃል።

"ብርጭቆውን ለረጅም ጊዜ አየው" አሉ። "ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ እኔ ፊት አስቀመጠው። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። በልጁ ትከሻ ላይ አልፎ ዶልፊኑን አነሳው። 'ወይዘሮ ዓለምሸት፣ ይቺ ኩባያ የልጄ አይደለችም። የኔ ናት። በስም ተሳስተው ለሷ ሰጧት' አለ። 'መጠጥ ካቆምኩ ሰባት ወሬ ነው። ንዋይ በዊስኪ ብርጭቆ ጁስ እየቀዳ ሸፍኖኝ ነው የኖርኩት። ልጄን ያዞራት ባሕሩ ነው። እኔን የሚያዞረኝ ይሄ ነበር፤ ዛሬም አዝዤው ነበር፣ ያውላችሁ።' ከዚያ ኩባያውን ከፍ አድርጎ 'ለልጆቼ!' አለና የማራኪን ጂንጀር ኤል እስከ ታች ጠጣው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እኔ ተነሳሁና 'ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስሙን ያለ አባት የጻፍኩት እኔ ነኝ' አልኩ። ማራኪ ያኔ ነው የገባት። 'ዌይት፣ እኔን ፕሬግናንት ናት ብላችሁ ነው? ጋይስ!' ብላ እየሳቀች አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ስትለቀው ግን ሳቁ አልነበረም፣ ፊቷ ሁሉ እንባ ነበር። 'አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?' ወይዘሮ ዓለምሸትን ያኔ ብታያቸው! መጀመሪያ የሺሐረግ ዘንድ ሄደው ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ፣ የሺሐረግ ቀና አደረገቻቸው። ከዚያ አስተናጋጁን ጠርተው ጂንጀር ኤል አስመጡና ኩባያውን በራሳቸው እጅ ሞሉት። 'በሞቴ፣ አቶ ታፈሰ፣ ይቺን' አሉት። ያ ሲፈራው የኖረው በሞቴ! ጠጣላቸው። ሦስት ጊዜ ነው ያስጠጡት፤ ሊያፈነዱት ነበር።"

"ዊስኪውስ? እርስዎ ፊት የተቀመጠው?"

"አንሳው ብዬ ለአስተናጋጁ ሰጠሁት፤ ሄዶ ደፋው። ድሬዳዋ ባንኮኒ ከቆምኩ ጀምሮ እያወቅኩ ያስደፋሁት ዊስኪ እሱ ብቻ ነው።" ዶልፊኑን አነሱት። "ከዚያ ቀጥ ብዬ ሄጄ ይቺን ገዛሁ። እንግዳ ለብቻው አይጠጣም፤ አንድ ሰው ማዕድ ላይ ፕላስቲክ ከያዘ ቀጂውም ፕላስቲክ ይይዛል። ለእራት ስንቀመጥ አሥራ አንድ ዶልፊን ቆጥሬያለሁ። እንዳትሳሳቺ፣ ጻድቅ አይደለሁም፤ በማግስቱ ቢራዬን ጠጥቻለሁ። ኮከብ እኮ ነበረኝ።"

"አቶ ታፈሰስ አሁን?"

"እስከ ትናንት ማታ ድረስ አልጠጣም፤ ደውሎልኝ ነበር። ጽዋ የሚያነሳው አሁንም እሱ ነው። ዶልፊኑን ግን ሚኒባሱ ውስጥ ነው የሚይዘው፣ መሪው አጠገብ፤ ቡና ያደርግበታል።" ጥቂት አሰቡ። "እኔም አንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ለየሰርጉ አንድ ካርቶን አፕል ጁስ ጨምሬ ነው የማዝዘው። ታፈሰ ከተናገረ በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ ቀስ ብለው የሚመጡ ሰዎች በዙ።"

"እነማን ናቸው?" አልኩ፣ ሳላስበው።

አዩኝ ብቻ። አፈርኩ።

ሠራተኛው ስሜን ጠራ፤ ጎማዬ ተሠርቶ አልቋል። ተነስቼ፣ ታናሽ ወንድሜ ዮኒ በመጪው ክረምት እንደሚያገባ፣ መጠጡን ይዘውልን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ስንት ሰው፣ የት አዳራሽ፣ የሙሽራዋ እናት ሃይማኖት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስልካቸውን ሰጡኝ። በሩ ላይ ደርሼ እጄ እጀታው ላይ እያለ ከኋላዬ ጠሩኝ፣ ኩባያውን ከፍ አድርገው።

"የዮኒን እንግዶች ዝርዝር ስታመጪ ሁሉንም ከነአባታቸው ስም ጻፊልኝ። የማይጠጡት ግን እነማን እንደሆኑ እንዳትጽፊ። እነሱ ራሳቸው ይመጡልኛል።"